ኮርስ ብስክሌትና የሥራ ብስክሌት፦ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ

 

ይህ ጽሑፍ ለሬዲዮ የተዘጋጀ ንግግር ነው። ለአዲስ አንባብያን እንዲሆን በወረቀት ላይ ሰፍሯል። በዝግታ አንብቡት። ረጅም ቃል ሲያጋጥማችሁ አትደንግጡ፤ ቆራርጣችሁ አንብቡት፣ ከዚያም ገጣጥሙት። ቁጥሮቹንም አትዝለሏቸው። ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው በገበያም በሚዛንም አይታለልም።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ብስክሌት ነው። ለመሆኑ ስለ ብስክሌት ምን ታሪክ አለ? ብዙ አለ። ነገሩን በምሳሌ እንጀምረው።

አንዲት እናት አሉ እንበል። ቤታቸው ከቡታጅራ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። በርበሬ ወደ ገበያ እያወጡ ይሸጣሉ። ትልቁ ልጃቸው አዲስ አበባ ይሠራል። መስቀል ሲደርስ እንደ ጉራጌ አገር ልማድ ወደ ወላጆቹ ቤት ይገባል። ዘንድሮ ከበዓሉ አስቀድሞ ስልክ ደወለና እንዲህ አላቸው፦

«እማዬ፣ ለመስቀል ስመጣ ብስክሌት ይዤ ልመጣ ነው። ታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤት ይሄድበታል። በገበያ ቀን ደግሞ በርበሬሽን ያደርስልሻል። ሁለት ዓይነት አይቻለሁ። አንዱ ኮርስ ነው። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሲያዩትም ያምራል። ሌላው ከበድ ያለ ነው፤ መልኩም እንደ ኮርሱ አይስብም። የቱን ላምጣ?»

እናትየው ምን ይመልሱ? ገንዘቡ የልጃቸው የዓመት ቁጠባ ነው። ምርጫው ከተሳሳተ ብስክሌቱ ወር ሳይሞላው ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። በርበሬውም እንደ ድሮው በጀርባ ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል አይደለም።

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ተመልሰን ታሪኩን እንይ። ኮርሱና ከባዱ ብስክሌት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ያለያያቸው መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ባለ ሁለት እግር ተሽከርካሪ የተሠራው በጀርመን አገር ነው። ሠሪው ካርል ድራይስ ይባላል። ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1817 ነው። መሣሪያው ከእንጨት የተሠራ ነበር። ፔዳል የለውም። ነጂው ተቀምጦ በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ሳቀበት። በ1860ዎቹ ግን ፈረንሳዮች ፔዳል ገጠሙለት። ቀጥሎም የፊት ጎማው እጅግ ትልቅ፣ የኋላው እጅግ ትንሽ የሆነ ብስክሌት መጣ። ከዚያ ላይ የወደቀ ሰው ክፉኛ ይጎዳ ነበር።

በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ኮቨንትሪ በምትባል ከተማ አዲስ ዓይነት ብስክሌት አወጣ። ሁለቱ ጎማዎች መጠናቸው ተቀራራቢ ሆነ። ፔዳሉ መሐል ላይ ሆኖ በካቴና፣ ማለትም በሰንሰለት፣ የኋላውን ጎማ ያሽከረክራል። ነጂው እግሩን ዘርግቶ መሬት መርገጥ ይችላል። ዛሬ ወልቂጤ ላይ የምታዩት ብስክሌት በመሠረቱ ይኸው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም መሠረቱ አልተለወጠም።

አንድ ችግር ግን ቀርቶ ነበር። ጎማው ድፍን ነው፤ አየር የለውም። በድንጋይ ላይ ሲሄድ አጥንት ያንገጫግጫል። ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ቤልፋስት በሚባል ከተማ ይኖር ነበር። ለትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በአየር የተነፋ ጎማ ሠራ። ይህ በ1888 ነው። ጎማው ድንጋዩን እየዋጠ ለስለስ ብሎ ሄደ። ፍጥነቱም ጨመረ። እሽቅድምድም የሚወዱ ሰዎች ወዲያው ተሻሙበት።

እንግዲህ ልብ በሉ። እስከዚህ ድረስ ብስክሌት አንድ ነው። ገበሬውም፣ ፖስተኛውም፣ ተወዳዳሪውም የሚነዱት ተቀራራቢ ነገር ነበር። ታዋቂው የፈረንሳይ ዙር ውድድር በ1903 ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ የነዱት ከባድ የብረት ብስክሌት ነው። መንገዱም አፈርና ጠጠር ነበር።

በዚያ ዘመን የደረሰ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በ1913 ዩዤን ክሪስቶፍ የሚባል ፈረንሳዊ በዚሁ ውድድር ላይ ከፍተኛ ተራራ ሲወርድ የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ብረት ተሰበረበት። የጊዜው ደንብ ጥብቅ ነው፤ ተወዳዳሪው የሰው እርዳታ መቀበል አይችልም። ክሪስቶፍ ብስክሌቱን ተሸክሞ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወረደ። አንድ መንደር ደርሶ ቀጥቃጭ ቤት ገባ። ብረቱን አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ራሱ ጠገነው። ዳኞች ቆመው ይመለከቱት ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ ወናፍ ስለነፋለት ብቻ «እርዳታ ተቀብለሃል» ብለው የጊዜ ቅጣት ጣሉበት።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ብስክሌት ይሰበራል። ሲሰበር ዋናው ጥያቄ «የት ይጠገናል? ማንስ ይጠግነዋል?» የሚለው ነው። የክሪስቶፍ ብስክሌት ብረት ስለነበረ የመንደር ቀጥቃጭ እሳት በቃው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች ተለያዩ። በአውሮፓ አስፋልት እየበዛ ሲሄድ የውድድሩ ብስክሌት ቀለለ። ጎማው ቀጠነ። መሪው ወደ ታች ተቆለመመ፤ ነጂው አጎንብሶ ነፋሱን እንዲያመልጥ ነው። ዳገት ሲመጣ የሚቀንሱት፣ ሜዳ ሲመጣ የሚጨምሩት ማርሽ ተጨመረለት። የፈረንሳይ ዙር አዘጋጆች ለረጅም ጊዜ ይህን ማርሽ ከልክለው ነበር፤ የፈቀዱት በ1937 ነው። ጭቃ መከላከያው፣ ዕቃ መጫኛው፣ መብራቱ፣ ደወሉ ሁሉ ከውድድሩ ብስክሌት ላይ ተነሡ። ለምን? እያንዳንዱ ክብደት ነዋ! ዛሬ የውድድር ብስክሌት እጅግ ከመቅለሉ የተነሣ የዓለም ብስክሌት ማኅበር ከ6.8 ኪሎ በታች እንዳይሆን ደንግጓል።

ሌላው ወንድም ግን ሥራ ያዘ። ብረቱ ወፈረ። ጎማው ሰፋ። ነጂው ቀጥ ብሎ የሚቀመጥበት ሆነ። ከኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ከፊት መብራት፣ ከላይ ጭቃ መከላከያ ተደረገለት። ክብደቱ ሃያ ኪሎ ገደማ ደረሰ። እንግሊዞች በራሌ ፋብሪካቸው እየሠሩ በዓለም በተኑት። ቻይናና ሕንድም ተማሩና የራሳቸውን መሥራት ጀመሩ። ቻይና «በራሪ ርግብ» የሚል ስም ያለውን ብስክሌት በ1950 አወጣች። ሕንድም «ሂሮ» የተባለውን ፋብሪካ በ1956 አቋቋመች። በብዙ መቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ድሆች የመጀመሪያ መጓጓዣቸው ይህ ከባድ ብስክሌት ሆነ።

ጉልበቱን ለማወቅ ሁለት ምሳሌ ይበቃል። በ1954 ቬትናሞች ዲየን ቢየን ፉ በሚባል ቦታ ከፈረንሳይ ጦር ጋር ሲዋጉ ስንቅና ጥይት በብስክሌትም አጓጉዘዋል። አይነዱትም፤ በእንጨት አጠንክረው፣ ጭነው፣ እየገፉ በጫካ ያሳልፉታል። አንዱ ብስክሌት ከ200 ኪሎ በላይ ይሸከም ነበር። ሁለተኛው ምሳሌ ከጎረቤቶቻችን ነው። በኬንያና በዩጋንዳ ድንበር ላይ ወጣቶች ሰውን ከኋላ እየጫኑ ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው ያመላልሱ ነበር። ድንበር በእንግሊዝኛ «ቦርደር» ይባላል። «ቦዳ ቦዳ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ሞተር ብስክሌቱን በዚህ ስም ይጠሩታል፤ ስሙን ያወጣው ግን ከባዱ ብስክሌት ነው።

አሁን ወደ እኛው አካባቢ እንምጣ።

ቋንቋችንን ስሙት። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ፖምፓ እንላለን። እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ተሽከርካሪና የጥገና ሥራው ወደ አካባቢያችን በአብዛኛው በማን በኩል እንደገባ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ኮርስ የምንለውም ቢሆን፣ በጣሊያንኛ «ኮርሳ» ማለት ሩጫ፣ ውድድር ማለት ነው።

ጣሊያኖች ኤርትራን ቅኝ ግዛት ባደረጉ ጊዜ በአሥመራ የብስክሌት ውድድር አስጀመሩ። በ1937 በተደረገው ውድድር የተሳተፉት ጣሊያኖች ብቻ ነበሩ። ያገሬው ሰው ተመልካች ነው። በ1939 ግን ጣሊያኖችና ኤርትራውያን አብረው እንዲወዳደሩ ተደረገ። ቅኝ ገዥዎቹ የነጭን የበላይነት ሊያሳዩበት አስበው ነበር። ያሸነፈው ግን ገብረማርያም ገብሩ የተባለ ኤርትራዊ ነው። እግርና ሳንባ ቀለም አይመርጥም!

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ነው። የላከቻቸው ሯጮችን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ንጉሤ መንግሥቱና ፀሐዬ ባህታ በኮርስ ብስክሌት ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የጎዳና ውድድር ተሰለፉ። ይህ እንግዲህ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከማሸነፉ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ከአበበ ድል በኋላ የሕዝቡ ልብ ወደ ሩጫ አዘነበለ። የብስክሌቱ ነገር ግን አልጠፋም። በ2008 ዓ.ም. የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ታዲያ ኮርስ በአሥመራ፣ በመቀሌ፣ በአዲስ አበባ ሲያብብ በወልቂጤና በቡታጅራ ለምን እንደዚያ አልሆነም? ሰው ጠፍቶ ነው? አይደለም። ኮርስ ያለ ለስላሳ መንገድ አይኖርም። የመንገዱ ታሪክ ነው ነገሩን የሚነግረን።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከተማዋ ያደገችው ከጎዳናው ጋር ነው። ከጎዳናው ወጥቶ ወደ ገጠር መግባት ግን ሌላ ነገር ነበር። ቡታጅራም በዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። እዚያ ለመድረስ ደኅና መንገድ የጠፋበት ዘመን ነበር። በዝናብ ወራት ጭቃው መኪናን ውጦ ያስቀር ነበር።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሕዝቡ ራሱ ተነሣ። በአዲስ አበባ የሚሠሩ የአካባቢው ተወላጆች፣ ነጋዴውም ቀን ሠራተኛውም፣ ማኅበር አቁመው ገንዘብ አዋጡ። አንዱ የጉራጌ ሕዝብ መንገድ ሥራ ድርጅት ነው። ሌላው ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት የቆመው ማኅበር ነው። እንሰት ተክሎ የሚያድረው ገበሬም እዚያው ባለበት አዋጣ። መንግሥት እስኪሠራልን እንጠብቅ ሳይሉ መንገዱን አስጀመሩ። ይህ ታሪክ ለልጅ ልጅ የሚነገር ነው።

መንገዱ መጀመሪያ ጠጠር ነበር። አስፋልቱ ኋላ መጣ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በብዙ ከተሞች ውስጥ ለውስጡ መንገድ በኮብልስቶን፣ በጥርብ ድንጋይ፣ ተነጥፏል። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ቀን ጉዞ ሦስት ዓይነት መንገድ ታገኛላችሁ። አውራ ጎዳናው አስፋልት፣ የከተማው ውስጥ ኮብልስቶን፣ ወደ ቀበሌው የሚገባው ደግሞ አፈርና ጠጠር ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ብስክሌቶች በእነዚህ ሦስት መንገዶች ላይ እንፈትናቸው።

በአስፋልቱ ላይ ኮርስ ንጉሥ ነው። ጎማው 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ የአውራ ጣት ያህል ቢሆን ነው። ውስጡ ያለው አየር ከመኪና ጎማ አየር ከእጥፍ በላይ የጠጠረ ነው። መንገዱን የሚነካው በጣም ትንሹ ክፍሉ ነው። በዚህ ምክንያት ይፈጥናል። ከባዱ ብስክሌት አይደርስበትም፤ አትፎካከሩ!

ኮብልስቶኑ ላይ ስትገቡ ነገሩ ይለወጣል። የኮርሱ ጠጣር ጎማ ድንጋዩን አይውጥም። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ወገብ ይመታል። ጎማው በድንጋይና በድንጋይ መሐል ሊገባ ይችላል። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ያንሸራትታል። ከባዱ ግን ጎማው 40 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፊ ነው፤ አየሩም ለስለስ ያለ ነው። ቀስ ይላል እንጂ ያልፋል።

አፈሩና ጠጠሩ ላይ ኮርሱን መሸከም ይሻላል። ጠጠር ቀጭኑን ጎማ ይቆርጠዋል፤ ከመነዳሪው ይተነፍሳል፤ ጭቃው ፍሬኑ ስር ይጠቀጠቃል። ዕቃ መጫኛ ስለሌለውም ኩንታሉ ቀርቶ ሩብ ኩንታል በርበሬ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ከባዱ የተሠራው ለዚሁ ነው።

ከባዱ እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ወደ ዘቢዳር አቅጣጫ ዳገት ስትወጡ ሃያ ኪሎ ብረት ከጭነት ጋር መግፋት ላብ ያስወጣል። አብዛኛው ማርሽ የለውም፤ ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት ግድ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጭነቱ ስለሚገፋው ፍሬኑ በደንብ መያዝ አለበት። ሰው የሞተው ብስክሌት ስለዘገየ ሳይሆን አልቆም ስላለ ነው።

«ሁለቱን የሚያስታርቅ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አለ። በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸውን ከባድ ብስክሌቶች ገዝተው ተራራ መውረድ ጀመሩ። ለመውጫው ደግሞ ማርሽ ገጠሙላቸው። ከ1981 ጀምሮ ፋብሪካ በብዛት ያመርተው ገባ። ይኸው ዛሬ ማውንቴን የምንለው ነው። ጉልበቱን ከሥራው ብስክሌት፣ ማርሹን ከኮርሱ ወሰደ። ተለያይተው የነበሩት ወንድማማቾች በአንድ ቤት ተገናኙ ማለት ነው። ለአገራችን ዳገት ይስማማል። ነገር ግን ርካሹን ስትገዙ ተጠንቀቁ። ማርሹ ብዙ፣ ሞላው ብዙ፣ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ ሁሉ ጠንካራ አይደለም። የሚንቀሳቀስ ነገር በበዛ ቁጥር የሚበላሽም ይበዛል።

አሁን ክሪስቶፍ ከቀጥቃጩ ቤት ያሳየንን እናስታውስ። ብረት ቢሰበር በወልቂጤም በቡታጅራም ብየዳ ቤት አለ። በዛሬው ዘመን ውድ የሆኑት ኮርሶች ግን ካርቦን ከሚባል ቀላል ነገር የተሠሩ ናቸው። ካርቦን እንደ ብረት አይበየድም። መለዋወጫውም በየሱቁ አይገኝም። ስለዚህ ብስክሌት ስትገዙ ዋጋው በግዢ ቀን የሚከፈለው ብቻ አይደለም። የጥገናውም ዋጋ አብሮ ይገዛል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ሦስት ጥያቄዎች እናወጣለን። ብስክሌት ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ።

አንደኛ፣ በየትኛው መንገድ ላይ ነው የሚሄደው?
ሁለተኛ፣ ምን ይሸከማል?
ሦስተኛ፣ ሲሰበር እዚሁ ይጠገናል ወይ?

አሁን ወደ እኚያ እናት እንመለስ። ልጃቸው ስልኩን ይዞ መልስ እየጠበቀ ነው። እናትየው ታሪኩን ሰምተዋል፤ እንዲህ ይላሉ ብለን እናስብ፦

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ከባዱን አምጣልኝ። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ። ዕቃ መጫኛ እንዳለው እይ። ፍሬኑን ሞክረው። ከመነዳሪና ፖምፓ ጨምርበት። ወንድምህ ኮርስ መንዳት እንደሚወድ አውቃለሁ። እሱን ደግሞ እግሩ ሲጠነክር፣ የሚያሠለጥነው ሰው ሲያገኝ እናስብለታለን። አሁን ግን በርበሬው ይቅደም።»

መልሳቸው ኮርስን መናቅ አይደለም። በአስፋልቱ ዳር ያለ ወጣት ብርታቱ ካለው ኮርስ ይንዳ፤ ገረመውና ጓደኞቹ የጀመሩትን ይቀጥል። የትኛው ብስክሌት ይበልጣል ብሎ መከራከር ግን ከንቱ ነው። በቅሎና የጋላቢ ፈረስ ይበላለጣሉ ወይ? አንዱ ለጭነት፣ አንዱ ለጉግስ ነው። መርጦ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መንገዱን ይመልከት።

ደግሞም ያንን መንገድ ያሠሩት ወላጆቻችን መሆናቸውን አንርሳ። እነሱ ሳንቲም አዋጥተው ጠጠር ባያስነጥፉ ኖሮ፣ ዛሬ ኮርስ ነው ከባድ ነው ብለን ለመምረጥ አንበቃም ነበር።

ለዛሬው በዚሁ እናብቃ። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ከቤተሰባችሁ ወይም ከንባብ ጓደኞቻችሁ ጋር ሆናችሁ ተወያዩባቸው። መልሳችሁን በደብተር ጻፉ። በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የክሪስቶፍ ብስክሌት በመንደር ቀጥቃጭ ቤት ሊጠገን የቻለው ለምንድን ነው?
2. ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በስንት ዓ.ም. ነው? በየትኛው ከተማ?
3. ከቤታችሁ እስከ ገበያ ያለው መንገድ ምን ዓይነት ነው? አስፋልት፣ ኮብልስቶን ወይስ አፈር? ለዚህ መንገድ የትኛው ብስክሌት ይስማማል?
4. በሠፈራችሁ ያለውን መንገድ ያሠራው ማን ነው? ሽማግሌዎችን ጠይቁና የሰማችሁትን በአምስት መስመር ጻፉ።